ዝሆኔ በዘር ከሆነ አንዱን ወንድም ይዞ ሌላውን ለምን ተወ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ባለፈው ሳምንት ነው። እስካሁን 27 መልስ መጥቶበታል። አሁን የምትገቡ ሰዎች ሁሉንም ለማንበብ እንዳትቸገሩ፣ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ግን ክሩን የከፈትኩበትን ጽሑፍ ልድገመው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

እናቴ ሁለት ወንድሞች አሏት። ሁለቱም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ቤት ተወልደው አንድ ማሳ ላይ ነው ያደጉት። ትልቁ በ18 ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። እዚያ ከስክስ ጫማ ተሰጠው። ከጦሩ ሲመለስም ገጠር አልገባም፤ ከተማ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ በባዶ እግሩ መሬት ረግጦ አያውቅም።

ትንሹ አባቱን ሊያግዝ ቀረ። ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ሁሉንም በባዶ እግሩ። 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው እግሩን ያሳክከው ጀመር። እናቴ እንደምትነግረን፣ ማታ ማታ እግሩን ከጠፍር አልጋው ጠርዝ ጋር ሲያሻሽ ድምፁ እስከ ጓዳ ይሰማ ነበር። ቀን ቀን እግሩ ያብጣል፤ ተኝቶ ሲያድር ይጎድላል። ለዚህ ነው ማንም ቁም ነገር ያላለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን እብጠቱ ሌሊትም መጉደሉን ተወ።

ዝሆኔ ነው ተባለ። ምክንያቱን ሰፈሩ በየፊናው ተናገረ። የሞተ ፈረስ አጥንት ረግጦ ነው ያለ አለ። እባብ ያለፈበትን ረግጦ ነው ያለም አለ። ከሁሉ የጸናው ግን በዘራቸው አለ የሚለው ነው፤ የአያቴም አባት እግራቸው ያበጠ ነበርና። በዚህ ወሬ የተነሳ ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ሳይመለሱ ቀሩ።

ዘር የለበትም አልልም። የምለው ይህን ነው፤ በሽታው መቼ እንደሚጀምር፣ ጨርሶም ይጀምር እንደሆነ የሚወስነው ልጁ ጫማ ማድረግ የጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ ከማን ዘር ነህ ከማለት ይልቅ ከስንት ዓመትህ ጀምሮ ጫማ አደረግህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

መልሶቹ

1. የመጀመሪያው ሰው ምስጋና ነው የጻፈው። የእሱም አክስት በዚህ በሽታ እንደምትሰቃይና ቤተሰቡ ስለ እሷ ለሰው ማውራት እንደሚያፍር ነገረን። ለአጎቴ ምሕረትን ተመኝቶ ወጣ።

2. ሁለተኛዋ ከወላይታ ሶዶ የጻፈች ነርስ ናት። ይህ ክር ቁም ነገር የያዘው በእሷ ነው። በሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ እንደሚባል፣ ቃሉም ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉ ሁለት ቃላት እንደመጣ አስረዳች። ስሙን ያወጣለት ኤርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቷል። ታማሚዎቹ ከየት እንደሚመጡ እየተከታተለ ሲመዘግብ በሽታው ከአንድ ዓይነት አፈር ጋር እንደሚሄድ አስተዋለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለውና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ይገኛል።

ትል አይደለም አለች። ትንኝ አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላትና አብሮ መተኛት አያስይዝም። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባል። እዚያ ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች (የሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚመለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች) እያስቆጣ፣ እያጠበበ፣ በመጨረሻ ይዘጋቸዋል ተብሎ ይታመናል። መሄጃ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የአጎቴ 17 ዓመት ከዚህ ጋር ስለገጠመ ደግሜ አነበብኩት።

3. ሦስተኛው ሰው ዘር ከልጓም ይስባል የሚለውን ተረት አስቀድሞ ነው የገባው። በተወለደበት ቀበሌ ሰባት ቤት ዝሆኔ እንዳለና ሰባቱም ሥጋ ዘመዳሞች እንደሆኑ ጻፈ። ጫማ ማድረግ ለንጽሕና ጥሩ ቢሆንም የታዘዘን ነገር እንደማያስቀር ያምናል። ያየውን ነው የተናገረው፤ አልጠራጠረውም። ሰባቱ ቤቶች ግን ደም ብቻ አይደለም የሚጋሩት። አንድ ቀይ መሬት ላይ ነው የሚያርሱት።

4. አዲስ አበባ የሥነ ዘር ትምህርት የሚከታተል ልጅ ለሦስተኛው ሰው በትሕትና መለሰ፤ አንቱ ብሎ። ዘር አለበት ማለታቸው ትክክል መሆኑን አስቀደመ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ የወላይታ ቤተሰቦችን የተከታተለ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት የሆነ ሰው ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ የመያዝ ዕድል እንዳለው አሳይቷል። በዘር የሚወረሰው ድርሻ ደግሞ 63 በመቶ ተብሎ ተገምቷል። ይኸው ጥናት ግን ዕድሜና ጫማ ማድረግም ራሳቸውን ችለው ሚዛን እንደሚደፉ አግኝቷል።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን አነሳ። ከወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው ልዩነቱን ኤችኤልኤ በሚባሉ ጂኖች አካባቢ አገኙት። እነዚህ ጂኖች ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚለይባቸው ናቸው። እንግዲህ በዘር የሚወረሰው እብጠቱ አይደለም። የሚወረሰው ሰውነት ለዚያ አፈር የሚሰጠው ቁጣ ነው። አፈሩ ካልገባ የሚቆጣበት ነገር የለም።

5. አንድ ሰው 63 በመቶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። የታማሚ ልጅ ከሆንኩ ከመቶ 63 እያዛለሁ ማለት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ፍርሃቱ ከአጻጻፉ ያስታውቅ ነበር።

6. ተማሪው ተመልሶ እንደዚያ እንዳልሆነ አስረዳ። እኔ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዤ ብወጣ ይህን ነው የምይዘው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። በአንድ አካባቢ ባሉ ሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደመጣ ነው የሚናገረው። ሁሉም ሰው በባዶ እግሩ የሚሄድበት መንደር አስቡ። አፈሩ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። እንግዲህ አንዱ ታሞ ሌላው ሲቀር የሚለያያቸው የተወለዱበት ነው፤ የዘሩ ድርሻ ትልቅ ይሆናል። እዚያው መንደር ግማሹ ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግስ? አሁን ሰውን ከሰው የሚለየው በአብዛኛው ጫማው ነው። ጂኑ አልተለወጠም። ቁጥሩ ግን ይወርዳል። ትልቅ ቁጥር ስላየን በሽታውን መከላከል አይቻልም ማለት አይደለም።

እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ከዚህ በፊት አልገጠመኝም። በዘር ነው ሲባል ያለቀ የደቀቀ ነገር አድርጌ ነበር የምሰማው።

7. ሰባተኛው ሰው በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። አነጋገሩ ይቆረቁራል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ሁለት ወንድማማቾች ማስረጃ አይሆኑም አለ። ትልቁ አጎቴ 18 ዓመት ሙሉ በባዶ እግሩ ሄዶ ነው ከስክስ ያጠለቀው፤ ትንሹ ግን በ17 ታመመ። ስለዚህ ትልቁ ጂኑን አልወረሰው ይሆናል፣ ከስክሱም ምንም ያዳነው ነገር ላይኖር ይችላል። በሽታው በጸናባቸው ቦታዎች እንኳ አብዛኛው ባዶ እግር ሰው እንደማይታመምም ጨመረበት። ታሪክ የምናወራ ከሆነ ታሪክ፣ ሳይንስ የምናወራ ከሆነ ሳይንስ እንድናወራ አሳስቦ ዘጋ።

አልተከራከርኩም። ርዕሱ ላይ ያሉትን ሁለት ወንድማማቾች አንስቼ ብቻ ነገሩን ልቋጭ መፈለጌ ስህተት ነበር። አጎቴ በከስክሱ ዳነ ብዬ መማል አልችልም።

8. እዚህ ላይ የደረሰልኝ ጎጃም ውስጥ ለጥናት መረጃ ሲሰበስብ የነበረ ሰው ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ታማሚዎችን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ ታማሚዎቹ ጫማ ማድረግ የጀመሩት ከጎረቤቶቻቸው ዘግይተው እንደነበር ማግኘቱን ገለጸ። ለሰባተኛው ሰው ሁለት ሰው ካልበቃው ይህ እንዲበቃው ጠቆመ።

ልቤን የነካው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰዎች ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ይቸገራሉ አለ። መጀመሪያ ጫማ ያደረጉበትን ቀን ሲጠየቁ ግን አይሳሳቱም። አንዱ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት ነው። አንዷ ለጥምቀት ነው። በዕድሜ የገፉት አብዛኞቹ ለሠርጋቸው ነው። ጫማ ያኔ የእግር ልብስ አልነበረም፤ የክብር ዕቃ ነበር።

9. አንድ የጫማ ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው ጫማ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አሳሰበ። በረባሶ ከታች ይጠብቃል፣ ከላይ ግን ክፍት ነው። ነጠላ ጫማም እንደዚያው። ጭቃውና አቧራው በጎን ይገባል። ኮንጎ እግርን ይሸፍናል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ነገር ግን በፀሐይ ይግላል፣ ያልባል፣ ሲሰነጠቅ እግር ይቆርጣል። ለእርሻ የሚሆነው ቦቲ እንደሆነ፣ እሱን ግን ገበሬው በዋጋው ምክንያት እንደማይደፍረው ጻፈ።

10. ይህች እህት ስለ እናቷ ነው የጻፈችው። ገበያ ሲሄዱ ጫማውን በነጠላ ጠቅልለው ይይዙታል። ሁለት ሰዓት በባዶ እግር ይሄዳሉ። ከተማው አፋፍ ላይ ወንዝ አለ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ተረከዛቸውን በጠጠር ይፈትጋሉ፤ ከዚያ ጫማውን አጥልቀው ከተማ ይገባሉ። ሲመለሱ እዚያው ድንጋይ ላይ ያወልቁታል። እናቷ በዚህ ዓይነት አንድ ጥንድ ጫማ ዘጠኝ ዓመት አደረጉ። ጫማው አላረጀም። እግራቸው ግን አበጠ።

እኔም ያንን ዓይነት ድንጋይ አውቀዋለሁ። የኛም ወንዝ ዳር አለ፤ ከመቀመጥ ብዛት ልሟል።

11. አሥራ አንደኛው መልስ ክሩን አሞቀው። የገጠር ሰው ለድግስና ለአረቄ ገንዘብ እያወጣ ለልጁ ጫማ አልገዛም ካለ ስንፍና እንጂ ድህነት አይደለም የሚል ነው። ስልክ የሌለው ገበሬ እንደሌለም አስረጅ አድርጎ አቀረበ።

12. መልሱ ወዲያው ነበር የመጣው። የጻፈው ሰው ራሱ ታማሚ ነው። እስካሁን ሁሉም ሰው እርስዎ እየተባባለ ነበር፤ እሱ አንተ ብሎ ጀመረ። በክረምት ጭቃ ጥማድ በሬ ይዞ አርሶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ጥቁርና ቀይ ጭቃ ጫማን ከእግር ነጥቆ እንደሚያስቀር፣ ባዶ እግር ያልገባበት ማሳ እንደሌለ ነገረው። አምስት ልጅ ያለው ሰው አምስት ጥንድ ጫማ በየዓመቱ መግዛት ይችል እንደሆነ እንዲያሰላ ጋበዘው። እሱ ራሱ ሲያብጥ 15 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜው ስንፍና የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ንግግሩ ጠንካራ ነው፤ አንድ ሁለት ቃል አወያዩ ሰርዞበታል። እኔ ግን ከልቡ እንደተናገረ ነው የተሰማኝ።

13. አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። አሥራ አንደኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

14. አንድ የጤና ኢኮኖሚ ያጠና ሰው ሙቀቱን በቁጥር አበረደው። ወላይታ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበራት ጊዜ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያሳጣት እንደነበር ተሰልቷል። አብዛኛው የጠፋ የሥራ ቀን ነው። በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ደግሞ በሽታው 345 ወረዳዎች ውስጥ ተገኝቷል። የታማሚው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ተገምቷል። የልጅ ጫማ ውድ ነው ለሚል መንግሥትም ሆነ ግለሰብ መልሱ ይኸው እንደሆነ ጻፈ።

15. አንዲት ልጅ በየዓመቱ የሚታደለውን የዝሆኔ ኪኒን መውሰድ አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀች።

16. ነርሷ መልሳ መጣች። ኪኒኑ የሚሠራው በትንኝ ለሚመጣው፣ ትል ለሚያስከትለው ዝሆኔ ነው። እሱ እንደ ጋምቤላ ባሉ በምዕራቡ ቆላ አካባቢዎች አለ። የአፈሩ ዝሆኔ ደግሞ የደጋና የወይና ደጋ ነው። የአፈሩ ከጣትና ከውስጥ እግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ከጉልበት አያልፍም። ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አንዱ ይብሳል እንጂ። ለዚህኛው ኪኒን ምንም አያደርግለትም። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ትንሹ አጎቴ የሄደበት አንድ የጤና ተቋም ለሁለት ዓመት የትሉን ኪኒን ሲሰጠው ነበር። እግርህን ታጠብ ያለው ሰው አልነበረም።

17. ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ወጣ አለ። ከእስራኤል የጻፈ ወንድም ይህን ሁሉ ሲያነብ ወላጆቹ ትዝ እንዳሉት ነገረን። ጎንደር ገጠር ሳሉ ስኳር በሽታ የሚባል ነገር በስሙ እንኳ አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ከተጓዙት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእስራኤል ሐኪሞች በወጣት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ያልጠበቁትን ያህል ስኳር አገኙ። የእሱም አባት 40 ዓመት ሳይሞላቸው መርፌ ጀመሩ። ደማቸው አልተለወጠም፤ ነጭ ዱቄቱ፣ ለስላሳው፣ አውቶቡሱ ነው የተለወጠው።

18. ሌላዋ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው ጨመረች።

19. ከጎንደር የጻፈ ሐኪም ግን ስኳርን የድሎት በሽታ ብቻ እንዳናደርገው ለመነ። ሲቪል ሰርቪስ ገብተው ቦርጭ ያወጡ ሰዎች ብቻ አይደሉም የሚመጡት። በልጅነታቸው በረሃብ የተጎዱ፣ ቀጫጭን የገጠር ወጣቶችም ከፍ ባለ ስኳር ይመጣሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ዓይነት 5 ብሎ ለይቶ ዕውቅና ሰጥቶታል።

20. አንድ ሰው ክሩ ስለ ዝሆኔ መሆኑን አስታወሰ። ልክ ነው፤ እኔ ግን ከርዕስ መውጣት ሆኖ አልታየኝም። የእስራኤሉም ሆነ የጎንደሩ ሰው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። በሽታው ከየት መጣ ብቻ ሳይሆን ለምን በዚያ ዕድሜ መጣ ነው ጥያቄያቸው።

21. ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፈች እናት ጭንቀቷን ነገረችን። አባቷ የዝሆኔ ታማሚ ነበሩ። ልጆቿ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ዕድሜያቸው 11 እና 14 ነው። የእግራቸውን ጣት በየሳምንቱ ትመረምራለች። ለሐኪማቸው ብትናገር ስሙን ሰምቶት አያውቅም።

22. ተማሪው አረጋጋት። ልጆቹ ጂኑን ወርሰው ሊሆን ይችላል። የሚቆጣበት አፈር ግን እግራቸው አያገኘውም፤ ስለዚህ ይህ በሽታ አይጀምራቸውም። ለማስረጃ ሌሎች አገሮችን ጠቀሰ። በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሞሮኮና በካናሪ ደሴቶች በሽታው ነበር። አፈሩ ዛሬም አለ፣ የሰዎቹም ዘር አለ። ጫማ ማድረግ የሁሉም ሰው ልማድ ሲሆን በሽታው ጠፋ። ክረምት ላይ አያታቸው አገር ቢመጡ ብቻ ሽፍን ጫማ እንዲያደርጉ መከራት። ቤት ውስጥም አለመርሳት ነው፤ በእበት የተለቀለቀ ወለል ያው አፈር ነው።

23. ይህን መልስ የጻፉት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ረጅም ነው፤ ለእኔም ከባድ ነበር። ዘር የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድንይዘው ተማጸኑ። ወላይታ ውስጥ የዘር ጥናቱ ሲካሄድ ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው አንዱ ነገር ይኸው እንደነበር አነሱ። በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል ብለው ለሕዝቡ ሲያስረዱ፣ ያቺን ቤተሰብ የሚያገባት እንዳይጠፋ ፈሩ። ተላላፊ አይደለም ማለት አንዱን መገለል ያቃልላል፤ በዘር ነው ማለት ሌላውን ያብሳል። መምህሩ ራሳቸው ተማሪያቸው የነበረች ልጅ እግሯ ማበጥ ሲጀምር ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ቀጥሎም ትምህርቱን ትታ እንደቀረች አይተዋል።

እህቴን አሰብኩ። እግሯ ጤነኛ ነው። አንድም ቀን አሳክኳት አያውቅም። ግን ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ለመምህሩ የመለስኩላቸው ይህን ነው፤ ቃሉን መደበቅ አልፈልግም። በዘር አለ ከተባለ፣ ያ ማለት የዚያ ቤት ልጆች ከሁሉም ቀድመው ጫማ ማግኘት አለባቸው ማለት ነው። አትጋቧቸው ማለት አይደለም። ቤታቸው የታወቀ ከሆነ መጀመሪያ የሚኬደው ወደዚያ ቤት ነው፤ ጫማ ይዞ።

24. ሦስተኛው ሰው፣ ዘር ከልጓም ያለው፣ ተመልሶ መጣ። በሰባቱ ቤት ያሉት ልጆች ጫማ እንዳላቸው ደውሎ ጠይቆ ነበር። ያላቸው ለትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ሲመለሱ አውልቀው ከብት ይጠብቃሉ። ሌላ ነገር አላለም።

25. አንድ አባት ልጁ 12 ዓመቷ እንደሆነ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ማታ ማታ እግሯን እንደሚያሳክካትና እንደሚያቃጥላት ጻፈ። ጠዋት ምንም የለባትም፤ ከሰዓት በኋላ የእግሯ ጀርባ ከፍ ይላል። የሚኖሩት ቀይ አፈር ላይ ነው። አልቆላት እንደሆነ ጠየቀ።

26. ነርሷ በዚያው ሌሊት መለሰችለት። አላለቀላትም። በዚህ ደረጃ የተያዘ እግር ሊመለስ ይችላል። በቅድሚያ ሌላ የእግር ሕመም አለመሆኑን የሚያይ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት፣ ስለ አፈሩም እንዲነግራቸው አሳሰበችው። ቤት ውስጥ የሚደረገውን እንዲህ ዘረዘረችለት። በሳፋ ንጹሕ ውሃ ይቀዳል። እግሯ በሳሙና ይታጠባል፤ ጣቶቿ መካከል አንድ በአንድ፣ ተረከዟ ስንጥቅ ውስጥ ጭምር። ከዚያ የጤና ባለሙያ በሚያሳየው መጠን ጥቂት ጠብታ በረኪና በገባበት ውሃ ይነከራል። 15 ደቂቃ። ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ጣት መካከል እርጥበት መቅረት የለበትም። ቫዝሊን ይቀባል። ካልሲና ሽፍን ጫማ ይደረጋል። ስትቀመጥ እግሯን ከፍ ታድርግ፣ ጣቶቿን ታንቀሳቅስ። በየቀኑ።

ይህ የባህል ወሬ እንዳይመስለው፣ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 መውጣቱን ነገረችው። ይህንኑ እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚነሳባቸው ጊዜ ቀንሶላቸዋል። እነሱ እግራቸው ካበጠ የቆዩ ናቸው። የእሱ ልጅ ገና ጅምር ላይ ናት።

27. አባትየው ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ወስዷታል። ሳፋ ገዝቷል። እግሯን የሚያጥብላት እሱ ራሱ ነው፤ እሷ ጣቷ ሲነካ ስለምትስቅ ጊዜ ይወስዳል። ጫማ ግን የእሷን ቁጥር ባለማወቁ ሰፊ ገዝቶባት ነበር፤ ውስጡ ጨርቅ ከተው እያደረገች ነው።

የጫማ ቁጥር ችግሩ የእኛም ነው። እህቴ በመጨረሻ አግብታለች፤ ገጠር ነው የምትኖረው። ሦስት ልጆች አሏት። ይህን ክር በስልክ ካነበብኩላት በኋላ ትናንት በመኪና አንድ ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ ሦስት ሲባጎ አለ። የእያንዳንዱን ልጅ እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ለክታ ቆርጣዋለች። እንዳይምታታብኝ የትልቁን አንድ ቦታ፣ የመካከለኛዋን ሁለት ቦታ፣ የትንሿን ሦስት ቦታ ቋጥራዋለች። ትንሿ ገና መቆም መጀመሯ ነው። ቅዳሜ መርካቶ እሄዳለሁ። ለልጅ የሚሆን፣ ላይኛው ክፍል የተሸፈነ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ የት ተራ እንደሚገኝ የምታውቁ ከቅዳሜ በፊት ጻፉልኝ።